ጣይ ይብዛልን

አሜሪካ ውስጥ ዲሴምበር 26 ቀን ጠዋት የገና ኳስ ይረክሳል። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ በሙሉ ዋጋው ሲሸጥ የነበረው ኳስ ሌሊቱን አልተሰበረም፣ አልቆሸሸም፣ ቀለሙም አልለቀቀም፤ ጥፋቱ ቀኑ ማለፉ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሲነጋ ግማሽ ዋጋ ተለጥፎበት ይገኛል። ጥቂት ቀን ሲቆይ ቅናሹ 75 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነሣው ካላገኘ ሱቁ ራሱ ገፍቶ ያስወጣዋል። በየቤቱም ነገሩ ያው ነው። አያት የኖሩበት ቤት ለሽያጭ ሲጸዳ፣ ቤተሰብ ወደ ጠባብ አፓርታማ ሲዛወር፣ ወይም እመቤቲቱ «ከዘንድሮ ጀምሮ ሁሉም ነገር ነጭና ወርቃማ ይሁን» ብላ ስትወስን፣ የአርባና የስድሳ ዓመት ጌጥ በካርቶን ታጭቆ ወይ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ፣ ወይ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። አሥር ወር ያልፍና ያው ሕዝብ ኖቬምበር ላይ ስልኩን ከፍቶ «እናታችን ቤት የነበረው ዓይነት» እያለ ያስሳል። በዚያ ጃንዋሪና በዚህ ኖቬምበር መካከል ተቀምጦ እንጀራውን የሚበላ ነጋዴ አለ። ጃንዋሪ ላይ ይለቅማል፣ ጋራዡ ውስጥ ይከምራል፣ በልግ ሲገባ ፎቶ አንሥቶ ኢቤይና ኤትሲ በተባሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ይለጥፋል።

ስለዚህ ንግድ የሚመክሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ ምክራቸውም ሲጨመቅ «አሮጌ ፈልግ፣ አሮጌ ውድ ነው» የሚል ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከድንጋይ የሚወደድ ነገር ባልተገኘ። የበዓል ጌጥን የሚያስወድደው ዕድሜው ሳይሆን የጣለው ሰው ብዛት ነው። መጀመሪያ በብዙ ሰው መወደድ አለበት፤ ያልተወደደን ነገር የሚናፍቀው የለም። ቀጥሎ በብዙ ሰው መጣል አለበት፤ ሁሉም ጓዳ ውስጥ ያለን ነገር የሚገዛው የለም። ስለዚህ የዚህ ነጋዴ ትልቁ ባለውለታ ጌጡን የፈለሰፈው ወይም በጥጥ ጠቅልሎ ያኖረው ሰው ሊመስለን አይገባም። ባለውለታው ጃንዋሪ 2 ቀን ካርቶን ተሸክሞ፣ ፊቱ ላይ እፎይታ እየተነበበበት ወደ ገንዳው የሚሄደው ሰውዬ ነው።

ማስረጃው ከብርጭቆው ኳስ ይጀምራል። በጀርመን ቱሪንጊያ ላውሻ በምትባል ትንሽ ከተማ ብርጭቆ ነፊዎች የገና ዛፍ ጌጥ በአፋቸው እየነፉ ይሠሩ ነበር። ፍራንክ ዉልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ባለሱቅ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፔንሲልቬንያ ላንካስተር ለነበረው ሱቁ ጥቂት ሲያስመጣ «ይህን ማን ይገዛኛል» ብሎ እያቅማማ ነበር፤ ወዲያው አለቀለት፤ ከዚያ በኋላ ማቅማማቱን ተወው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጦርነት ሲያንዣብብ የጀርመኑ ዕቃ ሊቋረጥ ሆነ። ሻይኒ ብራይት የሚባለውን የኳስ ድርጅት የመሠረተው ማክስ ኤካርት ከዉልዎርዝ ሱቆች ጋር ሆኖ ኮርኒንግ የተባለውን የብርጭቆ ኩባንያ አግባባ፤ ኮርኒንግም አምፖል የሚሠራበትን ማሽን ወደ ገና ኳስ አዞረው። በ1940 ማሽኑ በቀን 300,000 ያህል ኳስ ያወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ ተነሥቶ «ይህ ነገር አንድ ቀን ብርቅ ይሆናል» ያለ ሰው ቢኖር ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር። ከዚያ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ብረት ለጦር መሣሪያ ተፈለገና የኳሱ ቆብ ከካርቶን ተሠራ፤ ውስጡ ይቀባ የነበረው ብርማ ቅብም ቀርቶ ኳሱ ወለል ብሎ የሚያሳይ ባዶ ብርጭቆ ሆነ፤ ለወጉ ያህል ቀጫጭን የቀለም መስመር ተሰመረበት። ድሃ ኳስ ነበር። ሰላም ሲመጣ ቤተሰቡ የሚያብረቀርቀውን ገዛና የችግር ዘመኑን ኳስ አሰናበተው። ዛሬ የንግዱ ሰዎች የካርቶን ቆብ ሲያዩ ልባቸው የሚመታው ለዚህ ነው። ቆቡ የዘመን ምስክር ነው፤ ግርጌው ላይ «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጌጥ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ እንደሚመሰክረው ማለት ነው። ዋጋውን ግን ዘመኑ አልሰጠውም፤ እሱን የሰጡት አፍረውበት የጣሉት እናቶች ናቸው።

ከዚህ የባሰ የሚያስቀው የአሉሚኒየሙ ዛፍ ነው። በ1959 ዊስኮንሲን ማኒቶዎክ ከተማ የሚገኝ፣ የአሉሚኒየም ድስትና መጥበሻ ይሠራ የነበረ ኩባንያ ቅጠሉ ከቀጭን አሉሚኒየም የተቆረጠ ብርማ የገና ዛፍ ለገበያ አወጣ። ብረት ላይ የኤሌክትሪክ አምፖል መስቀል ሰው ያስይዛልና፣ ዛፉን የሚያደምቀው እግሩ ሥር የሚቀመጥ፣ ቀይና አረንጓዴ ፕላስቲኩ ቀስ እያለ የሚዞር መብራት ነበር። ሰው ወደ ጠፈር የሚወጣበት ዘመን ነውና ሕዝቡ ብረት ብረት የሚለውን ዛፍ ወደደው፤ ኩባንያው በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ አመረተ። ከዚያ ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ቻርሊ ብራውን የሚባል ልጅ ያለበትን የገና ካርቱን አሳየ። ልጁ ከአሉሚኒየሙ መንጋ መሀል አንዲት ቀጫጫ እውነተኛ ዛፍ መርጦ ሄደ፤ አሜሪካም በየሳሎኗ ያቆመችውን ቆርቆሮ ዞራ አየችና አፈረች። የዛፉን ውድቀት በዚህ ካርቱን የሚያላክኩ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ እሱ ብቻ ይሁንም አይሁን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ብርማው ዛፍ የመጥፎ ምርጫ ምልክት ሆኖ በየጓሮ ሽያጩ በሳንቲም ይወጣ ጀመር። ዛሬ ቅርንጫፉ ያልጎደለ፣ ካርቶኑ ያለው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅበታል። ያ ሁሉ ሰው ባያፍር ኖሮ ዛፉ አሁንም በየምድር ቤቱ ቆሞ አቧራ ይጠጣ ነበር።

የጣዮች ዋና በዓል ግን በኦክቶበር መጨረሻ የሚውለው ሀሎዊን ነው። በ1900 የተመሠረተው የፔንሲልቬንያው ባይስል ኩባንያ ከወረቀት የተቆረጡ ጥቁር ድመቶችን፣ አፅሞችንና ጠንቋዮችን፣ ሲዘረጉ እንደ ማር ሰፈፍ የሚከፈቱ ዱባዎችን ለአሥርት ዓመታት ሸጧል። የገና ኳስ ቢያንስ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ የወረቀት ጠንቋይ ግን ለአንድ ሌሊት ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፋ ኖቬምበር 1 ቀን ከከረሜላ ወረቀት ጋር ትጠረጋለች። ስለዚህ ከመጥረጊያ የተረፈች አንዲት የ1930ዎቹ ጠንቋይ፣ ከወረቀት መሠራቷ ሳያሳፍራት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሣጥን ሙሉ የብርጭቆ ኳስ ታስከነዳለች።

ተቃራኒው ማስረጃ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያሳምናል። ሆልማርክ የተባለው ኩባንያ በ1973 በየዓመቱ የሚወጡ፣ ይቀመጡ ተብለው የሚሸጡ ጌጦችን ጀመረ። ዲፓርትመንት 56 የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1976 ውስጣቸው መብራት የሚበራባቸው፣ ጣሪያቸው በረዶ የለበሰ ትናንሽ የሸክላ ቤቶችን አወጣ፤ በየጊዜውም «የዚህ ቤት ምርት ተቋርጧል» እያለ ደንበኛውን ያስጨንቀው ነበር። ሰዉ እንደተነገረው አደረገ። ገዛ፣ ካርቶኑን ሳይቀድድ፣ የዋጋ ወረቀቱን ሳይልጥ፣ ለልጆቼ ጥሪት ነው ብሎ አኖረው። አንድም ሰው አልጣለም። ውጤቱ ዛሬ የሚታይ ነው፤ ልጆቹ ያንን ሁሉ የተሟላ፣ ንጹሕ፣ ባለካርቶን መንደር ይዘው ገበያ ሲወጡ፣ የጎረቤት ልጆችም ያንኑ መንደር ይዘው ተሰልፈው ያገኟቸዋል። «ግን እኮ ከእነሱ መካከል በውድ የተሸጡ አሉ» የሚል ሰው ልክ ነው፤ አሉ፤ በጥቂቱ የተሠሩ፣ በጊዜው ሳይፈለጉ የቀሩ ናቸው። ለክርክሬ ጠላት መስለው መጡ እንጂ ወዳጅ ናቸው።

«እንግዲያው የተጣለ ሁሉ ይወደዳል ማለት ነው?» ብሎ የሚይዘኝ አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። የእኛን ቀጤማ እንውሰድ። በዓል በመጣ ቁጥር ይጎዘጎዛል፣ በማግሥቱ ይጠረጋል፤ ከእሱ የበለጠ የተጣለ የበዓል ጌጥ በዓለም ላይ የለም። ግን የ1960ዎቹን ቀጤማ አስቀምጦ ያተረፈ አልታየም፤ ወንዝ ዳር ዘንድሮም በቅሏልና። መጣሉ ዋጋ የሚያመጣው ሠሪው መሥራት ሲያቆም ነው። ዛሬ በኮንቴይነር የሚራገፈው የፕላስቲክ ኳስም እንደ ቀጤማው ነው፤ ፋብሪካው እስካልተዘጋ ድረስ ሃምሳ ዓመት ብናስቀምጠው እንኳ ቦታ መያዙ ብቻ ነው የሚተርፈን።

በ2005 የተከፈተው ኤትሲ «ቪንቴጅ» ለሚባል ዕቃ ያወጣው መስፈርት ቢያንስ 20 ዓመት መሙላት ነው። በዚህ ሕግ ድርጅቱ በተከፈተበት ዓመት የተሠራ ጌጥ ዛሬ አንቱ ተብሏል። ሕጉ ለዕድሜ ነው፤ ገዢ ግን የልደት ካርድ አይጠይቅም። ገዢው የሚፈልገው ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያየውን ብርሃን ነው፤ ያንንም ዕቃ ወላጆቹ ጥለውታል። ለዚህ ነው ፋሽኑ ከትውልድ ጋር የሚንቀሳቀሰው። የብርጭቆው ኳስ ሰዎች እያረጁ ሲሄዱ፣ አያቶች በ1970ዎቹ የሸክላ ትምህርት ቤት ገብተው በገዛ እጃቸው ቀለም የቀቡት፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ ባለቀለም ፕላስቲክ አምፖል የተሰካበት አረንጓዴ የሸክላ ዛፍ ተተካ፤ የልጅ ልጅ በሃያ ዓመቱ ሲያየው የሚስቅበት፣ በአርባ ዓመቱ ከመቶ ዶላር በላይ ከፍሎ የሚመልሰው ዕቃ ነው። ብልህ ነጋዴ እንግዲህ ዛሬ ውድ የሆነውን አያሳድድም፤ ዛሬ የሚሳቅበትን ያያል። በየግቢው በር በአየር ተነፍቶ የሚወዛወዘው የናይለን የገና አባት ቀኑ ሲደርስ ምን እንደሚያወጣ አስቡት። እኔ አስቤዋለሁ፤ አላማረኝም፤ ግን በ1970 የአሉሚኒየሙም ዛፍ ማንንም አላማረውም።

ከባዱ ተቃውሞ የሞራል ነው፤ «ይህ አየር በአየር ንግድ አይደለም ወይ? ሳይሠሩ ማትረፍ አይደለም ወይ?» የሚል። የእህል ነጋዴን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በጥር ከአውድማ ጤፍ ገዝቶ ለነሐሴ ያቆየ ሰው ጎተራ ሠርቷል፣ ከነቀዝ ታግሏል፣ ገንዘቡን ሰባት ወር አስሯል፤ ክረምት ላይ ጨምሮ ቢሸጥ አይፈረድበትም። በነሐሴ ገበያው ውስጥ የቀረችውን ኩንታል ሁሉ ሰብስቦ በሩን የሚዘጋው ግን ሌላ ሰው ነው። በጌጡ ንግድም ሁለቱ አሉ። በ2020 ሆም ዲፖ የተባለው የሱቅ ሰንሰለት 12 ጫማ፣ ማለትም ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የሀሎዊን አፅም በ299 ዶላር አወጣ። ሀገሩ አበደለት፤ ሀሎዊን ሳይደርስ አለቀ፤ ከሱቁ ተሽቀዳድመው የገዙ ሰዎችም በእጥፍ ድርብ ይጠይቁበት ጀመር። እነዚህ ምንም ከመጣል አላዳኑም፣ ምንም አላቆዩም፤ ሥራቸው ወረፋ መቅደም ብቻ ነበር። ፍርዱም ብዙ አልዘገየም፤ ሱቁ በቀጣዮቹ ዓመታት አፅሙን ደጋግሞ አመጣው፤ በጊዜው ሳይሸጥ የቀረ አትራፊ ሦስት ሜትር ተኩል አጥንት የሚያስቀምጥበት ጣሪያ ፍለጋ ገባ። ጃንዋሪ ላይ ማንም ያልፈለገውን የሚያነሣውና ኦክቶበር ላይ ሁሉም የፈለገውን የሚቀማው በአንድ ስም መጠራታቸው አግባብ አይመስለኝም።

«ከድሃው አፍ ይነጥቃሉ» የሚለው ክስ ደግሞ እንደ ጉድዊል ባሉ፣ ሰው የለገሰውን ዕቃ በርካሽ በሚሸጡ ሱቆች የሚዞሩትን ይመለከታል። ለክረምት ካፖርትና ለልጅ ጫማ ክሱ ሚዛን ይደፋል። ለጌጥም ቢሆን ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ያለውን አምፖል ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ነጋዴ፣ ለልጇ ዛፍ በአምስት ዶላር መብራት ፍለጋ የገባችን እናት ባዶ እጇን ይመልሳልና አያምርበትም። ጃንዋሪና ጁላይ ላይ ግን ከእሱ በስተቀር ያንን መደርደሪያ የሚጎበኝ የለም፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ለዚያው ድርጅት ይገባል። ደግሞም ድርጅቱ የዋህ አይደለም። ከ1999 ጀምሮ ጉድዊል የራሱ የኦንላይን ጨረታ አለው፤ የተለገሰውን ደህና ደህና ዕቃ ለይቶ እዚያ ያወጣዋል። ነጋዴው መደርደሪያው ላይ የሚያገኘው ከዚያ ማጣሪያ ያመለጠውን ነው።

ትርፉስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኢቤይ ከሽያጩ ወደ 13 በመቶ ገደማ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው ለመላኪያ ከከፈለው ጭምር ነው። ቀጥሎ መላኪያው ይመጣል። በ1960ዎቹ ሣር ላይ ይቆም የነበረ፣ ውስጡ አምፖል ያለበት፣ ከተነፋ ፕላስቲክ የተሠራ የገና አባት እንውሰድ። ቁመቱ አንድ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ግን ሆዱ ባዶ ስለሆነ አንድ ሕፃን ብድግ ያደርገዋል። ዕቃ አመላላሾቹ ዩፒኤስና ፌዴክስ ግን ሆዱ ባዶ መሆኑን እንደ በጎነት አይቆጥሩለትም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በኢንች አባዝተው ለ139 ያካፍላሉ፤ የሚወጣው ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ ክፍያው በእሱ ነው። 42 በ20 በ16 ኢንች የሆነ ካርቶን በዚህ ስሌት 97 ፓውንድ፣ ማለትም 44 ኪሎ ሆኖ ይወጣል። ገዢ ለአንድ ገና አባትና ለአርባ ኪሎ አየር ከፈለ ማለት ነው። የብርጭቆው ኳስ በበኩሉ ቀላል ነው፤ እሱ ደግሞ ይሰበራል፤ ከተሰበረም ገንዘቡን የሚመልሰው ሻጭ ነው። በዚህ ላይ አሥር ወር ሙሉ መኪናው ውጭ እያደረ ጋራዡን የያዘው ካርቶን አለ። ይህን ሁሉ ደምሮ «ሳይሠሩ ማትረፍ» የሚል ሰው ቢያንስ አንድ የብርጭቆ ኳስ ጠቅልሎ ይላክና እንነጋገር።

ሐቀኛ ሻጭ ሌላም ጣጣ አለበት። ከ1970ዎቹ በፊት ዛፍ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ብርማ ክር ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ የተሠራ ነበርና ሕፃን ባለበት ቤት አይሰቀልም። የድሮ አምፖል ሽቦም ልባሱ ተሰነጣጥቆ እሳት ሊጭር ይችላል። ይህን ሳይጽፍ «እንደ አዲስ ይሠራል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ትዝታን ከእሳት አደጋ ጋር ጠቅልሎ ልኳል። ሻይኒ ብራይትም ዛሬ በዚያው ስም፣ የድሮውን እያስመሰለ እንደ አዲስ ይመረታል፤ ሁለቱን ሆን ብሎ የሚያደባልቅ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት የድሮው ካርቶን ራሱ ውድ ሆኗል፤ ኢቤይ ላይ ባዶ የሻይኒ ብራይት ሣጥን፣ አንድም ኳስ ሳይኖርበት፣ ለብቻው ይሸጣል። ጣዮቹ መጀመሪያ የጣሉት ሣጥኑን ነበርና ክርክሬ እዚህም አልከዳኝም።

የንግዱ አደጋ ከራሱ ወሬ የሚመጣ ነው። የጓሮ ሽያጭ ያወጣች አሮጊት እንኳ ዛሬ ስልኳን አውጥታ ኳሱን ፎቶ ታነሣና ኢቤይ ላይ አንዱ 200 ዶላር ሲጠይቅበት ታያለች። የተጠየቀ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ አንድ አይደሉም፤ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ግን ደስ የሚለውን ዋጋ ካየ በኋላ ሌላውን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ኳሷን መልሳ ታስቀምጣለች፤ ጎረቤቷም እንደዚያው። የነጋዴዎቹ ምክር በተስፋፋ ቁጥር የሚጥል ሰው ይቀንሳል፤ የማይጣል ጌጥም ነገ የሸክላው መንደር ዕጣ ይደርሰዋል። አዋቂ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ስለ ሙያው በይፋ ከማስተማር ይልቅ አፉን ዘግቶ «ጌታ ሆይ፣ ጣይ ይብዛልን» እያለ ይጸልይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለሐበሻ የሚተርፍ አንድ ጥቅም በወረቀት ላይ አለ። ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለው ወገናችን ገናው ጃንዋሪ 7 ቀን ነው፤ ከፈረንጁ 13 ቀን ይዘገያል። ግማሽ ዋጋው፣ ከዚያም 75 በመቶው የሚመጣው በእነዚያው ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ሐበሻ ከሩሲያዊው፣ ከሰርቡና ከግብፁ ኮፕት ጋር ሆኖ የቅናሽ ጌጥ ገዝቶ አሥር ወር ጋራዥ ሳያስጠብቅ በዚያው ሳምንት ሊሰቅለው የሚችል ዕድለኛ ነው። የሂሳቡ ጠላት ልጆች ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ዲሴምበር ከገባ ጀምሮ እየበራ፣ የእነሱ መስኮት ብቻ ጨልሞ እንዲጠብቅ የሚስማማ የስድስት ዓመት ልጅ አልተወለደም፤ ስለዚህ ብዙው ቤት ሁለቱንም ገና ያከብራል፣ ጌጡንም ኖቬምበር መጨረሻ ላይ በሙሉ ዋጋ ይገዛል።